በቃለ ጉባኤው ያልገባ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በከዚራ አዳራሽ፣
ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ሙቀት አመላላሽ፤
እኔ ጸሐፊው ነኝ፣ ለመዝገብ አጉራሽ፣
የሚበጀውን ጽፌ ሌላውን ደምሳሽ።

ፈትሂያ መሐንዲሷ ፕላኑን ዘረጋች፣
እንዳይጠቀለል በዕቃ ተጫነች፤
ባንዱ የሻይ ብርጭቆ፣ ባንዱ ስልኳን ጣለች፣
ባንዱ የቢሮ ቁልፍ፣
ባራተኛው እኔን፤ «እዚህ ጋ ያዝ» አለች።

ስለዚህ ያ ግንብ ከመዳፌ ሥር ነው፤
አራት ፎቅ ቁመቱ፣ መስኮቱ መስታወት የለው፤
ሰው ሊኖርበት አይደል፣ ሊከራይም አይደል፣
በሳምንት ሁለቴ ሊነድ የሚሠራው፤
እሳት አጥፊ ልጆች ጭስ ሊለምዱበት ነው።
ከጎኑ ግቢው አለ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፤
ግሬደር ማቆሚያ፣ የአሸዋ ክምሩ፣ የፍሳሽ ቦቴው፣
የመንገድ ጠራጊዎች መጥረጊያ ማደሪያው።

ጋሽ ቀለምወርቅ ተነሡ፣ የባቡር ጡረተኛ፤
«ለቤት ተመዝግቤ ሃያ ዓመት ተረኛ!
እሳት ትናንት መጥቶ አራት ፎቅ ካገኘ፣
እንግዲህ ቤት ለማግኘት እንቀጣጠል እኛ!»
አዳራሹ ሳቀ። ሳቁን አልጻፍኩት፤
«አስተያየት ተሰጠ» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ከኋላ ወንበር ሂቦ ቆመች፣
የአሸዋ ገበያዋ፣ ሽቲና ድሪያ ነጋዴ።
ድምጿን ከፍ አላደረገችም።
«ሱቄ ሲነድ መኪናው አልዘገየም።
ቱቦው ተዘርግቷል፤ ውኃም ነበረ።
ያ ልጅ ግን፣ ሄልሜቱ የሰፋው፣ በሬ ላይ ቆሞ ቀረ።
ከዚያ በፊት እሳት አይቶ አያውቅም።
እጁን ይዤ ‹በዚህ በኩል› ያልኩት እኔ ነኝ።
ጣቃው በቀኝ፣ ክሩ በግራ፣ ቶሎ የሚይዘው የቱ እንደሆነ
ነገርኩት፤ ተማረ፤ ደህና አድርጎ ተማረ።
አልተቀየምኩትም።
ግን ስድስት ዓመት አልፎታል፤
የናንተ ትምህርት ቤት የኔ ሱቅ ነበረ።»

(ይህን ንግግር ቤት አላስመታሁትም፤
ቤቷን የመታው ይበቃል።)

አብዶሽ፣ የእሳት መኪናው ሾፌር፣
ፕላኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።
«በሩ ወደ ደቻቱ ነው?»
«አዎ፣ በአሸዋው አቋርጦ መጋላ አራት ደቂቃ ነው።»
«ደቻቱ ዛሬማ መንገድ ነው፤ ግመል ያልፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይመቱበታል።
ተራራው ላይ ሲጥል ግን፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣ በሌሊት ይመጣል።
እሳቱ ማዶ፣ እኛ ወዲህ።
ውኃ ጭነን፣ ውኃ አግዶን፣ ቆመን ልናይ ነው?»

ያን ጊዜ ማንም አልሳቀ፤ ደቻቱን የማያውቅ የለ፤
ሁሉም የየራሱን ሌሊት እያሰበ ዝም አለ።
ፈትሂያ ላጲስ ለመነች፤ ከኔ ኪስ ተገኘ፤
በሩን አጠፋችው፣ ወደ ድልድዩ አዞረችው፤
ፍርፋሪውን እፍ ስትል ጉንጬ ላይ አረፈ።

ከዚያ ወይዘሮ ድንቄ፣ ብርቱካንማ ሰደርያዋን እንደለበሰች፦
«ለመጥረጊያዬ ጣራ ሰጣችሁት፤ እሰየው።
ለኔ ያቺ ኒም ትበቃኛለች፤
ብቻ እንዳትቆርጧት።»
ፈትሂያ ኒሟን በፕላኑ ላይ ፈለገቻት።
አልነበረችም። በእርሳስ ክብ ሠራችላት።

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦
በሩ ወደ ድልድዩ እንዲዞር፣ ዛፏ እንዳትነካ፣
ግንቡም እንዲሠራ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።
ማኅተም አለው።

ያልገባው ይህ ነው፦
ሰው ሲበተን ሂቦ ወደ ጠረጴዛው መጣች፤
እጄን ገና አላነሣሁም።
ጣቷን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሳረፈች።
«በምንድን ነው የምታነዱት?»
«በገለባና በጣውላ» አለች ፈትሂያ።
«ጨርቅ ጨምሩበት።
ጣቃ እንደ ገለባ አይደለም፤ ውስጥ ውስጡን ይዞ ይቆያል፤
ጠፋ ብለው ዞር ሲሉ ይነሣል።
ልጆቹ ይወቁት።
ቁርጥራጩን እኔ አመጣለሁ።»